የታመመ አኔሞኒን ማስታመም፦ በኬንት፣ ዋሽንግተን፣ የባሕር አኳሪየም ላላቸው

አኔሞኒዎ ከነጣ፣ ከተኮማተረ፣ አፉን ከፍቶ ከዋለ ወይም ከድንጋዩ ለቆ ከተንሳፈፈ ገና ተስፋ አይቁረጡ፤ የመዳን ዕድል ይኖረዋል። ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ባለቤቱ ደንግጦ ውሃውን፣ መብራቱን፣ ቦታውንና ምግቡን በአንድ ቀን ሲቀያይርበት ነው። አኔሞኒን የሚያድነው ንጹሕና የማይዋዥቅ ውሃ ነው። የአስታማሚው ሥራ ያንን ውሃ መጠበቅ፣ በየቀኑ ማየትና መታገሥ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ወደዚህ የሚያደርሱ ናቸው።

አስቀድሞ ማወቅ ያለብዎት

በየቤቱ በብዛት የሚገኘው በብል ቲፕ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ክንዶቹ ጫፍ ላይ አብጠው ይታያሉ። ከቀይ ባሕር እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ይኖራል። ለሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1828 ሲሆን፣ የመዘገበው ጀርመናዊው ሎይካርት ከአገሩ ልጅ ከኤድዋርድ ሩፐል ጋር በጻፈው የቀይ ባሕር ጥናት ውስጥ ነው። ሩፐል ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጎንደርና ሰሜን ተራሮች ድረስ ዘልቆ ዋልያንና ጭላዳን ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቀው ሰው ነው። አኔሞኒው የለመደው እንደ ቀይ ባሕር ያለ ውሃ ነው፦ ሞቃት፣ ጨዋማ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከቀን ወደ ቀን እምብዛም የማይለወጥ። ሳሎን ውስጥ ያለ 40 ጋሎን ውሃ ግን በአንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል። የሕመሙ ሥር አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ሌላው ቁም ነገር የሚመገብበት መንገድ ነው። በአኔሞኒ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። ከብርሃን ምግብ ሠርተው ለአኔሞኒው ያካፍሉታል፤ ቡናማ መልኩም በአብዛኛው የእነሱ ነው። ሙቀት ሲበዛ፣ መብራት በድንገት ሲጠነክር ወይም የጨው መጠን ሲዋዥቅ አልጌዎቹን ያስወጣቸዋል፤ ያን ጊዜ ይነጣል። የነጣ አኔሞኒ አልሞተም፣ ዋና ቀለቡን ግን አጥቷል። ስለዚህ ማስታመም ሁለት ሥራ አለው፦ አልጌዎቹን ያስወጣውን ምክንያት ማስወገድ፣ እነሱ ተመልሰው እስኪራቡ ድረስ ደግሞ እንስሳውን በትንሽ በትንሹ እየመገቡ ማቆየት።

1. በእርግጥ መታመሙን ያረጋግጡ

ጤናማ አኔሞኒም አንዳንድ ጊዜ ይኮማተራል። ውስጡ ያለውን ውሃ አስወጥቶ ሌላ ለማስገባት፣ ቆሻሻውን ለመጣል ወይም ምግብ ሲፈጭ ሰውነቱን ያጥፋል፤ ከሰዓታት በኋላ ይነፋል። ከአፉ ቡናማ ንፍጥ ቢወጣ በራሱ የሞት ምልክት አይደለም። የክንዶቹ ጫፍ እብጠቱን አጥቶ ረጅምና ቀጭን ቢሆንም፣ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ችግር የለውም።

የሚያሳስቡት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦

- አፉ ላልቶ ተከፍቶ ውስጡ እስኪታይ መዋል፤
- ለቀናት ተኮማትሮ መቅረት፤
- እግሩ ድንጋይ አልይዝ ማለት፤
- ክንዶቹ ምግብ ሲነካቸው አለመጣበቅ፤
- እየነጣ መሄድ።

ሥጋው እየቀለጠ ከተቆራረጠና ከውሃ ሲወጣ የበሰበሰ ሽታ ካለው ሞቷል። ወዲያው ያውጡት፤ ከዘገየ ውሃውን መርዞ ዓሣዎቹንም ይዞ ይሄዳል።

ከገዙበት ቀን ጀምሮ ነጭ ከነበረ ወይም ደማቅ ቢጫ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ መልክ ከነበረው ሌላ ነገር ይጠርጥሩ። የነጡ አኔሞኒዎች ቀለም ተነክረው የሚሸጡበት ጊዜ አለ። ቀለሙ ሲለቅ የሚታየው ንጣት አዲስ በሽታ አይደለም፤ የቆየው ነው።

2. ዛሬውኑ አደጋውን ያስወግዱ

የሚንከራተት አኔሞኒ ትልቁ ጠላት ፓምፕ ነው። ውሃ የሚስብ ቀዳዳ ካገኘው ይበጣጥሰዋል። የፓምፖቹን መሳቢያ ሁሉ በስፖንጅ ወይም በጥቅጥቅ የፕላስቲክ መረብ ይሸፍኑ፤ ስፖንጁን በየሁለት ቀኑ እያወጡ ይጠቡ።

ቀጥሎ ትኩስ አክቲቬትድ ካርቦን በፊልተሩ ውስጥ ይጨምሩ። የተጎዳ አኔሞኒ ወደ ውሃው የሚለቀውን መርዝ ይቀንሳል።

በገንዳው ውስጥ መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ተጨምሮ ከሆነ አኔሞኒው እዚያ መቆየት የለበትም። መዳብ ለዓሣ መድኃኒት ሲሆን አከርካሪ ለሌላቸው የባሕር እንስሳት መርዝ ነው፤ በድንጋይና በአሸዋ ውስጥም ተደብቆ ይቆያል።

እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት የጎማ ጓንት ያድርጉ። አኔሞኒ ይናደፋል፤ በነካው እጅ ዓይን ማሸት አደገኛ ነው።

3. ይለኩ፣ ይጻፉ

ውሃው በዓይን ሲታይ ጥሩ ስለመሰለ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም። በሚከተሉት ልኮች ላይ ያነጣጥሩ፦

- ሙቀት፦ ከ77 እስከ 79 ፋራናይት፣ ማለትም ከ25 እስከ 26 ሴንቲግሬድ
- የጨው መጠን፦ 1.025 ወይም 1.026
- አሞኒያና ኒትራይት፦ 0
- ኒትሬት፦ ከ2 እስከ 10
- ፎስፌት፦ ከ0.03 እስከ 0.1
- አልካላይኒቲ፦ ከ8 እስከ 10
- ፒኤች፦ ከ8.1 እስከ 8.4

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ጨው የሚለኩበት ሪፍራክቶሜትር ከተዛባ ሥራዎ ሁሉ ይዛባል። መጠኑ በታወቀ የመለኪያ ጨው ውሃ አስተካክለው ይጠቀሙበት። ሁለተኛ፣ ኒትሬትና ፎስፌት ዜሮ መሆናቸው መልካም ዜና አይደለም፤ አልጌዎቹ ከእነዚህ ነገሮች ጥቂት ካላገኙ ተመልሰው አይራቡም።

የጨው መጠኑ ተዛብቶ ካገኙት በቀን ከ0.001 በላይ አያንቀሳቅሱት። ሙቀቱንም በአንድ ቀን ከ2 ፋራናይት በላይ አይለውጡ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ጠዋትና ማታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ለክተው በደብተር ይያዙ። የጨው መጠኑ ወይም ሙቀቱ ጠዋትና ማታ በጣም የሚለያይ ከሆነ የሕመሙን ምክንያት ሳያገኙ አይቀሩም።

4. ውሃውን ከቧንቧ አይቅዱ

የኬንት ከተማ ውሃ በብዛት እንደ ክላርክ ስፕሪንግስና ኬንት ስፕሪንግስ ካሉ ምንጮችና ከጉድጓዶች ይመጣል። ኢስት ሂል ላይ ከሱስ ክሪክ፣ ዌስት ሂል ላይ ከሃይላይን የውሃ ዲስትሪክት የሚያገኙ ቤቶችም አሉ። ለመጠጥ ደህና የሆነው ውሃ ለአኔሞኒ ደህና አይደለም፤ ክሎሪን አለበት፣ በቤቱ የመዳብ ቱቦ ውስጥ ሲያድርም ጥቂት መዳብ ይዞ ይወጣል። የተጣራ የአርኦ ዲአይ ውሃ ይጠቀሙ። ማጣሪያው ከሌለዎት የባሕር ዓሣ የሚሸጡ መደብሮች በጋሎን ይሸጡታል።

ሲቀይሩ እንዲህ ያድርጉ፦

- የተጣራውን ውሃ ለገንዳው ብቻ በሚያገለግል ንጹሕ ባልዲ ያድርጉ። ሳሙና የነካው ባልዲ አይሆንም።
- የባሕር ጨው ጨምረው በትንሽ ፓምፕና በማሞቂያ እያንቀሳቀሱ ሌሊቱን ያሳድሩት።
- ጨውና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እኩል መሆኑን ለክተው ያረጋግጡ።
- ከገንዳው ውሃ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ይቀይሩ። አሞኒያ ከታየ በማግሥቱ ይድገሙ፤ አለበለዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ውሃ ሲተን ጨው አብሮ አይተንም። ስለዚህ የጎደለውን የሚሞሉት ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። በኬንት ክረምት የቤት ማሞቂያ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ አየሩ ይደርቃል፣ ገንዳውም ቶሎ ይጎድላል። በሳምንት አንዴ በብዙ ከመሙላት በየቀኑ በጥቂቱ መሙላት ይሻላል። በራሱ የሚሞላ መሣሪያ መግዛት ከቻሉ ለአኔሞኒ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ የተሻለው ይህ ነው።

5. መብራቱን ቀስ እያሉ ያሳድጉ

ብዙ ሰው አኔሞኒ ሲነጣ መብራት አንሶት ነው ብሎ ወዲያው ያጠነክራል። አልጌውን ያጣ ሥጋ ግን ኃይለኛ ብርሃን ይጎዳዋል። በቀን 8 ሰዓት፣ መካከለኛ ብርሃን ይስጡት። የብርሃን መለኪያ ካገኙ ከ100 ፓር አካባቢ ጀምረው በ3 ወይም 4 ሳምንት ውስጥ ወደ 200 ያድርሱት። መለኪያ ከሌለ የመብራቱን ኃይል በየሳምንቱ በጥቂት በመቶ ብቻ ከፍ ያድርጉ። አኔሞኒው ከፍ ባደረጉ ማግሥት ከተኮማተረ ወደ ቀድሞው ይመልሱና አንድ ሳምንት ይጠብቁ። መብራቱ በሰዓት ቆጣሪ ይብራ፣ ይጥፋ። ገንዳውን ወደ መስኮት ማስጠጋት አያስፈልግም፤ የክረምቱ ፀሐይ አይበቃውም፣ የበጋው ደግሞ ውሃውን ያግለዋል።

6. ቦታውን ራሱ ይምረጥ

እግሩ ድንጋይ ከያዘ አይንኩት። በጉልበት ሲላቀቅ እግሩ ይቀደዳል፤ የተቀደደ እግር ብዙ ጊዜ የሞት መጀመሪያ ነው። ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ ከነድንጋዩ ያንቀሳቅሱት።

ምንም ሳይዝ የሚንከባለል ከሆነ ብዙ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ይውሰዱና ታች ሻካራ ድንጋዮች ደልድለው፣ ውሃ ቀስ ብሎ በሚያልፍበት ቦታ ያስቀምጡት። አኔሞኒውን በእግሩ በኩል ድንጋዮቹ መካከል ያሳርፉ። መጀመሪያ የእግሩ ጠርዝ ይዘረጋል፣ ከዚያ ጠፍጥፎ ይለጠፋል፤ አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ በቀናት። በተለጠፈ ማግሥት ቅርጫቱን ለማውጣት አይቸኩሉ፤ ሳምንት ይቆይ።

7. ጎረቤቶቹን ይቆጣጠሩ

ልጆች በኒሞ ፊልም የሚያውቁት ክላውንፊሽ ለጤናማ አኔሞኒ ጥሩ ጓደኛ ነው። በሕመም ጊዜ ግን በላዩ እየተንደባለለ ያደክመዋል። ዓሣውን ቀዳዳ ባለው መከለያ ለይተው ለጥቂት ሳምንታት ያቆዩት። አኔሞኒ ያለ ክላውንፊሽ መኖር ይችላል። ሽሪምፕና ሸርጣን ከአፉ ምግብ እየነጠቁ ሥጋውን እንዳያቆስሉ፣ ምግብ ሲሰጡ አጠገቡ ቆመው ይጠብቁ።

8. አመጋገብ፦ ጥቂት፣ ደቃቅ፣ ዝግ ብሎ

ከረጅም ሕመም ለተነሣ ሰው ጮማ አይቀርብለትም፤ የሚጠጣው አጥሚት ነው። ለአኔሞኒም እንዲሁ። አፉ ተከፍቶ እያለ ምንም አይስጡ። አፉ ሲዘጋና ክንዶቹ መጣበቅ ሲጀምሩ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይጀምሩ።

በረዶ የሆነ ማይሲስ የሚባል ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ እንስሳ ይግዙ። በትንሽ የገንዳ ውሃ ያሟሙ፣ በወንፊት ያጥልሉ፣ ፈሳሹን ይድፉት። ፓምፖቹን ለ10 ደቂቃ ያጥፉ። አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በመርፌ አልባ ስሪንጅ ስበው ከክንዶቹ በላይ በዝግታ ይልቀቁ። አሁን ጠጋ ብለው ይመልከቱ፦ ክንዱ ፍሬውን ነክቶ ከያዘ፣ አጠገቡ ያሉትም ወደዚያ ካዘነበሉ፣ ከዚያም ፍሬውን አጥፈው ወደ አፍ ካደረሱ፣ እንስሳው ለመዳን እየተነሣ ነው። ፍሬው ሳይጣበቅ ተንሸራቶ ከወደቀ አንሥተው ያውጡት፤ ከ3 ቀን በኋላ ይሞክሩ። በአፉ ውስጥ ገፍቶ ማጉረስ አይገባም።

ከኤዥያ ገበያ የሚገዛ ጥሬ ሽሪምፕም ይሆናል፤ ነገር ግን ማሸጊያው ላይ ከሽሪምፕ ሌላ ምንም የተጨመረ አለመኖሩን ያንብቡ። ቁራጩ ከምስር ፍሬ አይበልጥ። በማግሥቱ ምግቡን መልሶ ከተፋው መጠኑ በዝቶበታል፤ ይቀንሱ።

9. መድኃኒት መቼ?

ውሃው ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ አኔሞኒው በየቀኑ እየተነፋና እየተኮማተረ፣ አፉም እየላላ ከሄደ የባክቴሪያ ሕመም ሊሆን ይችላል። በተለይ ከሩቅ ተጓጉዞ በቅርብ የገባ ከሆነ ይጠርጥሩ። ልምድ ያላቸው አርቢዎች ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለብቻው በተዘጋጀ ገንዳ ውስጥ፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ውሃውን በየቀኑ እየቀየሩ ይሰጣሉ። በዋናው ገንዳ ውስጥ አይጨመርም፤ ውሃውን የሚያጣሩትን ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል። ከቤት የተረፈ የሰው ኪኒን አንሥቶ መጨመርም አይገባም፤ መጠንና ጊዜ የሚወስነው የውሃ እንስሳት የሚያክም የእንስሳት ሐኪም ነው።

10. ቤታችን ውስጥ ያለው አደጋ

እኛ ቤት ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይቆላል፣ ወለል በበረኪና ይወለወላል። የገንዳው የአየር ፓምፕና ስኪመር የክፍሉን አየር እየሳቡ ወደ ውሃው ያስገባሉ። ዕጣኑንና ቡናውን ገንዳው ከሌለበት ክፍል ያድርጉ ወይም መስኮት ይክፈቱ። ሽቶና የነፍሳት መርዝ በገንዳው አካባቢ አይረጭ። ቅቤ፣ ቅባት ወይም ሎሽን የነካው እጅ ሳይታጠብና በብዙ ውሃ ሳይለቀለቅ ወደ ገንዳው አይግባ።

መብራት መጥፋትንም ያስቡ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በደረሰው ማዕበል በምዕራብ ዋሽንግተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት አጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ለቀናት። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ገዝተው ያስቀምጡ፤ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሙቀቱን ያቆዩ። ውሃውን ለማሞቅ ብለው ግን ከሰል ቤት ውስጥ አያቀጣጥሉ፣ ጄኔሬተርም ቤት ወይም ጋራዥ ውስጥ አያስነሡ። በዲሴምበር 2006 ማዕበል በዚሁ በኪንግ ካውንቲ በዚህ ምክንያት ሰዎች ሞተዋል፤ ከተጎዱት ብዙዎቹ እንደኛው ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። ከአኔሞኒም ከገንዳውም በፊት ነፍስ ይቀድማል።

በጋው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጁን 28 ቀን 2021 በሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ 108 ፋራናይት ተመዝግቧል፤ በአካባቢያችን ብዙ ቤት ማቀዝቀዣ የለውም። ውሃው 82 ሲደርስ የገንዳውን ክዳን ያንሡ፣ ማራገቢያ በውሃው ላይ ያዙሩ፣ የመብራቱን ሰዓት ያሳጥሩ። በረዶ የሞላ የታሸገ ጠርሙስ ማንሳፈፍም ይቻላል፤ አንድ በአንድ ብቻ፣ ቴርሞሜትሩን እያዩ።

የመዳን ምልክቶች በቅደም ተከተል

መጀመሪያ እግሩ ይይዛል። ቀጥሎ አፉ ይዘጋል። ከዚያ ክንዶቹ መጣበቅ ይጀምራሉ፣ ቀን ቀን ተነፍቶ መዋልም ይመለሳል። ቀለሙ የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከሳምንታት እስከ ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ገና ነጭ ነው ብለው ሕክምናውን አይቀያይሩ። እግሩ ከያዘና አፉ ከተዘጋ መንገዱ ትክክል ነው።

ከሞተ በፕላስቲክ አሽገው ወደ ቆሻሻ ይጣሉት፤ ውሃውን ከ25 እስከ 30 በመቶ ቀይረው ካርቦኑን ያድሱ። የገንዳ ውሃም ሆነ እንስሳ በመንገድ ዳር ፍሳሽ ወይም በግሪን ሪቨር አይጣልም፤ የአንዱ ባሕር ፍጥረት የሌላው ጥፋት ሊሆን ይችላል። ከፒውጀት ሳውንድ አኔሞኒ አምጥቶ በምትኩ ማስገባትም አይሆንም፤ የእኛ ባሕር አኔሞኒ ቀዝቃዛ ውሃ የለመደ ነው፣ በ78 ፋራናይት አይኖርም። ጤናማ አኔሞኒ ምን እንደሚመስል በዓይን ለማየት በሬዶንዶ ያለውን የሃይላይን ኮሌጅ የባሕር ሳይንስ ማዕከል ወይም የሲያትል አኳሪየምን ከልጆችዎ ጋር ይጎብኙ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ አኔሞኒ ይገባል ወይ የሚል ካለ፣ ይገባል። ስኮትላንዳዊው ጆን ዳልዬል እ.ኤ.አ. በ1828 ከባሕር ዳርቻ ያነሣው አንድ አኔሞኒ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ፣ ውሃው እየተቀየረለት፣ እስከ 1887 በሕይወት ኖሯል። ያኔ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አልነበረም፤ የነበረው ውሃውን ሳይሰለቹ የሚቀይሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዛሬ ምንም ከመቀየርዎ በፊት የጨው መጠኑንና ሙቀቱን ይለኩ፣ ይጻፉ፤ ነገም በዚያው ሰዓት ይለኩ። ሌላ አኔሞኒ የሚገዙ ከሆነም ከባሕር የተነቀለውን ትተው፣ በገንዳ ውስጥ ተከፍሎ ያደገውን ይምረጡ፤ ገንዳዎ ዓመት ያልሞላው ከሆነ ደግሞ እስኪሞላው ይጠብቁ።